ቀድማ የወጣች አግዳሚ

«ሰፈራችሁ እኮ ይገማል፣ ትርንጎ! ሠራተኞቼ መስኮት መክፈት አልቻሉም።»

ይህን ያለችኝ ሰናይት ናት፤ ፊት ለፊቴ፣ አባቷ ባሠራው የቢሮ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ፣ ሽቶ የነካ ሶፍት አፍንጫዋ ላይ ይዛ። እሷ የሕንፃው አስተዳዳሪ ናት፤ እኔ ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ሥሩ ተለጥፋ የቀረችው የጭቃ ቤት ልጅ ነኝ። የሚገማው ሰፈራችን አይደለም። የሚገማው የእነሱ ሽንት ቤት ነው፤ የአራት ፎቅ ሰው የሚጸዳዳበት ቱቦ በእኛ ግቢ ቦይ አልፎ ነው ወደ ገደሉ የሚወርደው። የሄድኩትም ለዚሁ ነበር። ግድግዳችን ከሥሩ ርሷል፣ ክረምቱ ሳይገባ ቱቦውን ወደ መንገዱ በኩል አዙሩልን፣ አለዚያ ዘንድሮ እናትና አባቴ ላይ ይናዳል ልላት። ገና አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

ሽታው በተዘጋው መስኮት ስንጥቅ ሾልኮ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ፤ መልመዴ ራሱ ያስጠላኛል። የሚገርመው ግን፣ እዚያ ቆሜ ያንን ግማት ስስብ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የብቅል ሽታ መጣብኝ። ልጅ ሳለሁ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቦታ የነበረው የብቅል ሽታ።

እናቴ ብቅል እያበቀለች ለጠላ ቤቶች ታቀርብ ነበር። የደብረ ታቦር መሀል ከተማ ያኔ እንዲህ አልነበረም፤ ከዋናው መንገድ አንድ እርምጃ ገባ ካሉ ጓሮው ሁሉ ጎመንና ጌሾ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ እናቴ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ ውሃውን አጥልላ፣ በጉሎ ቅጠል ሸፍና ድንጋይ ትጭንበትና፣ በሦስተኛው ቀን ጥፍር የሚያክል ነጭ ጢም አውጥቶ ሲነሳ፣ ግቢው መሀል በተዘረጋው ቁርበት ላይ ታሰጣው ነበር። ፀሐይ ከምሥራቅ በኩል ገና በአንድ ሰዓት መጥታ ግቢውን ትሞላዋለች፤ ብቅሉም እየሞቀ ሲሄድ የሚያወጣው ሽታ፣ የርጥብ ሣርና የትኩስ ዳቦ ድብልቅ የሆነ፣ ጣፋጭ ነገር ነበር። የእኔ ሥራ ዶሮ መከልከል ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ስለነበርኩ ግን ሁለት ጊዜ እሽ ብዬ እሮጣለሁ፤ እናቴም «ይቺ ልጅ ቂጧ ላይ እሾህ አለ» እያለች ራሷ ትጠብቀው ነበር።

የምሮጠው ወደ ሰናይት ቤት ነው። የእነሱም ቤት እንደ እኛው የጭቃ ነበር፤ በመሀላችን የግራዋ አጥር ብቻ፣ በአጥሩም መሀል እኔና እሷ እየሾለክን የሠራነው ቀዳዳ። አባቷ አቶ ገላው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው፣ አባቴ ደግሞ ግንበኛ ነበር። ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል፣ ዝናቡ ጸበል ነው ስለሚባል፣ የሁለታችንም እናቶች ልብሳችንን አውልቀው እኛ ግቢ ይለቁናል፤ ጥርሳችን እስኪንገጫገጭ እየዘለልን፣ ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደውን በአፋችን እየተቀበልን እንታጠብ ነበር። ሰናይት ከሁላችንም በላይ ትጮሃለች። ዛሬ ሶፍት አፍንጫዋ ላይ ይዛ ሳያት፣ ያቺው ልጅ መሆኗን ለማመን ደቂቃ ፈጀብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ኅዳር ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ገቡ። አንዱ የነፍስ አባታችን ናቸው፣ አንዱ የእድሩ ዳኛ፣ ሦስተኛው የአቶ ገላው አጎት። አቶ ገላው ራሱ ከበሩ ውጪ ቀርቷል፤ በአጥሩ ቀዳዳ ኮቱን አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ መሀል ግቢ ቆሙ።

«አበጀ» አሉ የነፍስ አባታችን፣ መስቀላቸውን ይዘው። «ስለ ማርያም ብለን ቆመናል። ጎረቤትህ ገላው ፎቅ ሊሠራ ነው። ወሰኑ ድረስ ተጠግቼ ልገንባ፣ የጣሪያዬም ዝናብ በግቢህ በቦይ አልፎ ወደ ገደሉ ይውረድልኝ ይላል። እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

በእኛ አገር ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ ባለቤቱ ልቡ እሺ ካላለ መቀመጫ አያወጣም። መቀመጫ ወጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይህን አዋቂ ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አቶ ገላው ቤት በኩል፣ ከጣሪያው በላይ ባዶውን ሰማይ ያይ ነበር። ግንበኛ ነው፤ አራት ፎቅ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ጥላው የት ድረስ እንደሚወድቅ ይለካ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ የነፍስ አባታችን እግር መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ፀሐዩ ከሯል፣ አባቴ ደግሞ ቁጭ ይበሉ እንኳ አላላቸውም። አፈርኩ። እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር፤ እንዲያውም ረሳሽ ብለው ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። እና ደግሞ ቶሎ አልቆላቸው በቀዳዳዋ ወደ ሰናይት መሹለክ ፈልጌ ነበር፣ እሱንም አልደብቅም። ቤት ገብቼ አግዳሚዋን እየጎተትኩ አወጣኋት፤ አጎዛም አነጠፍኩባት።

«አባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

የነፍስ አባታችን አግዳሚዋን አዩ፣ አባቴን አዩ። «ተመስገን! ልጅ ፈረደች» አሉና ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። አቶ ገላው ከውጪ እየሮጠ ገብቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ይሁን» አለ። «የዝናብ ውሃ ብቻ ነው ታዲያ።»

«ኧረ አያ አበጀ! ሌላ ምን ውሃ አለ?» አለ አቶ ገላው፣ ሁሉም ሳቁ። የጻፈው ሰው የለም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ወደ ቁርበቷ ሄዳ ብቅሏን ማገላበጥ ጀመረች።

በዚያ በጋ የአቶ ገላው ቤት ፈረሰ፣ መሠረት ተቆፈረ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ትምህርት ቤት ሄጄ «ከቤታችን አጠገብ ፎቅ ሊሠራ ነው» ብዬ ጉራ ነፍቼያለሁ። አባቴ እንኳ የመሠረቱን ድንጋይ በእጁ ገንብቷል፤ «ከተማ ነው፣ ያድጋል» እያለ። ሲሚንቶው እየቦነነ ብቅሉ ላይ ሲያርፍ እናቴ በነጠላ ትሸፍነው ነበር። አንደኛው ፎቅ ሲያልቅ ፀሐይ በሁለት ሰዓት መምጣት ጀመረች። ሁለተኛው ሲያልቅ በአራት። በሁለተኛው በጋ፣ አራተኛው ፎቅ ተከድኖ ቆርቆሮው ሲመታ፣ ፀሐይ እኛ ግቢ የምትገባው ከስድስት ሰዓት በኋላ ሆነ፤ ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ከምዕራብ በኩል ባለው ጽድ ኋላ ትሄዳለች። እናቴ ቁርበቷን ከጥግ ጥግ እየጎተተች፣ እሷ ፊት ፀሐይዋ ኋላ፣ ፀሐይዋ ፊት እሷ ኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ትዞር ነበር። ብርዱን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? የደብረ ታቦር ጠዋት ያለ ፀሐይ አጥንት ይበሳል። ግድግዳው እስከ እኩለ ቀን ያልበዋል።

ብቅሉም ሻገተ። በላዩ አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር አወጣ፤ ሽታው ዳቦነቱ ቀርቶ እግር እግር ይል ጀመር። ከእናቴ ጋር ስንት ዓመት የሠራች የጠላ ቤት ባለቤት አንድ ቀን መጥታ፣ «እህቴ ይታይሽ፣ አትቀየሚኝ፣ ብቅልሽ ጠረን አምጥቷል፤ ጠላዬን ሰው አልጠጣም አለኝ» አለቻት። እናቴ የተመለሰውን የብቅል ጆንያ ከእጇ ተቀብላ ለዶሮ በተነችው። ዶሮዎቹም ጭረው ጭረው ትተውት ሄዱ።

አቶ ገላውና ቤተሰቡ ከላይ በኩል አዲስ ሰፈር ቤት ሠርተው ተዛወሩ። ፎቁን ለእኛ ትተው፣ ፀሐዩን ይዘው ሄዱ። ሕንፃውም በቢሮ ተሞላ። ጀርባው ሁሉ መስኮት ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ እኛ። እናቴ ግቢ ውስጥ ፀጉሯን መታጠብ ተወች። ሽንት ቤታችን ጣሪያ አልነበረውም፤ ማን ከላይ ያየናል ብለን? አንድ ቀን ቁጢጥ ብዬ ሽቅብ ሳይ፣ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቁልቁል እያየኝ ነበር። ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። አባቴ በማግሥቱ ቆርቆሮ መታበት።

ከመስኮቶቹ የማይወድቅ ነገር አልነበረም፤ የሻይ ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የተናፈጡበት ሶፍት። አንዴ እናቴ ለቤት የሚሆን በርበሬ አስጥታ ስታገላብጥ፣ ከላይ አንዱ አክታውን ጎትቶ ተፋ፤ በርበሬው ላይ ጧ ብሎ አረፈ። «አንተ! ሰው አለ እኮ እዚህ ታች!» ብላ ጮኸች። ሳቅ ተሰማ፣ መስኮቱ ተዘጋ። እናቴ ያንን ሁሉ በርበሬ፣ አንድ ሳምንት የደከመችበትን፣ በአካፋ ዝቃ ገደል ጣለችው። አላለቀሰችም። እጇን ግን ሦስት ጊዜ ስትታጠብ አይቻታለሁ።

ቦዩ የመጀመሪያውን ክረምት እንደተባለው የዝናብ ውሃ ብቻ ነበር ያወረደው። በሚቀጥለው ዓመት የሕንፃው የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞላ። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ቀን ሠራተኞች መጥተው አንድ ወፍራም ቱቦ ከሕንፃው ጀርባ ወደ ቦዩ ቀጠሉ። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ «ምንድነው?» ስትላቸው፣ «የውሃ ነው እማማ» አሏት።

ጳጉሜ ሦስት ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለራቁት ጸበል ትልቅ ስለሆንኩ በውስጥ ልብሴ፣ ስድስት ዓመት የሆናትን እህቴን ብርቄን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ የጉድ ነበር፣ ግቢው ወዲያው ሞላ። እየዘለልን፣ «ሩፋኤል! ሩፋኤል!» እያልን እየጮህን ሳለ፣ እግሬ ሥር የሆነ ነገር ተሰማኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፤ ውሃው ደግሞ ሙቅ ነው።

የደብረ ታቦር ዝናብ ሞቆ አያውቅም።

ቁልቁል ሳይ ቡናማ ነው። ቦዩ ከአፉ ሞልቶ ወደ ግቢው ይዘረግፍ ነበር። በብርቄ ቅልጥም ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ እሷ ግን ሽቅብ አንጋጣ አፏን ከፍታ ጸበሏን ትጠጣለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ከመሬቱ እየዘገነች ራሷ ላይ ታፈስ ነበር፤ እኔ እንዳስተማርኳት። እጇን መትቼ አስለቀቅኳት። እናቴ ሁለታችንንም ጎትታ አስገብታ በአመድና በሳሙና ቆዳችን እስኪላጥ ፈተገችን። ብርቄን ሁለት ሳምንት አስቀመጣት፣ ዓይኗ ጎደጎደ፤ ለትንሽ ነው የተረፈችልን።

እሷ ተኝታ እናቴ ከአጠገቧ ተቀምጣ ሳለች ነው፣ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ፣ ግድግዳው ጥግ ወደቆመችው አግዳሚ እያየች፣ «ያቺን ባታወጫት ኖሮ» ያለችኝ።

«ልጅ ናት፣ ተያት» አለ አባቴ።

እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ አቶ ገላው ዘንድ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ፣ «በሽማግሌ ፊት እሺ ብለህ ዛሬ ታፈርሳለህ ወይ አለኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦው አፉን ከፍቶ አያውቅም። ቃል ሰጥቻለሁ ነው የሚለው። ቃሉን የሰጠሁበት እኔ ነኝ፣ የሚጠብቀው እሱ ነው።

የነፍስ አባታችን መስከረም ላይ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ግቢው መሀል ሲደርሱ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። እናቴ አግዳሚዋን አውጥታ «ይቀመጡ አባ» አለቻቸው። እሳቸው አግዳሚዋን አዩ፣ ቦዩን አዩ፤ «አልቀመጥም ልጄ፣ አይገባኝም» ብለው፣ ቆመው ረጭተው፣ ቆመው ሄዱ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ያኔ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። የእኛንም ራሴ ተይቤዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ። አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮ ያለው የት መሰላችሁ? እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ተከራይቶ። ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ ዓይኔ እያየ ሽንት ቤት ገብቶ፣ ውሃ ለቅቆ፣ እጁን እየጠረገ መጥቶ «ይታያል» ይለኛል። ፎቅ አይሠራ አልልም። ዱሮ እናቴ ለአንድ ማኅተም ከተማውን ስትዞር ትውል ነበር፤ ዛሬ ቢሮው ሁሉ አንድ ቦታ ነው። ግን ሰው ቢሮ የሚያስፈልገው ደህና አድርጎ ለመኖር ከሆነ፣ እኛ ከሥሩ እንዴት እየኖርን እንደሆነ አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይይ።

ለዚህ ነው ሰናይት ጋ የወጣሁት።

«ቱቦውን አዙሩልን» አልኳት። «ወደ መንገዱ በኩል። ከሰኔ በፊት።»

«እሱ እኮ በስምምነት ነው ያለፈው። አባትሽ እሺ ብለዋል፣ በሽማግሌ ፊት። አባባ ሁሌ ያነሳዋል።»

«እሺ ያለው ለዝናብ ውሃ ነው። እሱም ቢሆን እሺ አላለም፤ አግዳሚዋን ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«የምን አግዳሚ?»

ነገርኳት። ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ከልቧ ሳቀች፤ ዱሮ ዝናብ ውስጥ እንደምትስቀው። «ታዲያ ያንቺ ጥፋት ነዋ! እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ነይ ተቀመጪ እስቲ፣ ሻይ ልዘዝልሽ።»

«እሺ ሳትዪኝ አልቀመጥም።»

«ውይ! ሽማግሌ ተልከሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«አዎ።»

ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ስልክ ተደወለላት፣ አወራች፣ ዘጋች። አንድ ሠራተኛ ገብቶ አስፈርሞ፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይቶ ወጣ። ቆሜያለሁ። የነፍስ አባታችን እግር ለምን ይንቀጠቀጥ እንደነበር ገባኝ።

«ዘንድሮ በዕቅድ አልተያዘም» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።»

«ግድግዳው ለሚቀጥለው ዓመት አይጠብቅም።»

«ታዲያ ልቀቁ እንጂ! ማን አስሮ ያዛችሁ? ከተማ መሀል በዚህ ዘመን የጭቃ ቤት!»

በጠረጴዛዋ ጎን አልፌ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከዚያ ላይ ሆኜ ቤታችንን አይቼ አላውቅም ነበር። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጣሪያው ላይ ሶፍትና የውሃ ላስቲክ ተከምሯል። እናቴ ለሰኔ ሚካኤል የሚሆን እፍኝ ብቅል ይዛ፣ ጠባቧን ፀሐይ ተከትላ ቁርበቷን ትጎትታለች። አባቴ ያጋደለውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ግንድ ይደግፋል፤ አንዱን ደግፎ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አይቶ፣ ሌላ ሊያመጣ ሄደ። በመሀላቸው ቦዩ ጥቁር ሆኖ ይፈሳል።

መስታወቱን እስከ ጥጉ ገፋሁት።

«ኧረ ትርንጎ ምን ሆነሻል? ዝጊው! ዝጊው እንጂ!»

ሁለተኛውንም ገፋሁት። ሰናይት ሶፍቷን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ስትፈልግ ቦርሳዬን አንስቼ፣ በሩንም ሳልዘጋ፣ ደረጃውን ወረድኩ።